የአጥንት መሣሪያው የማን አጥንት ነበር? ጥንታዊ ፕሮቲኖችና የቅድመ ታሪክ ቅርሶች

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ፔሽ ደ ላዜ እና አብሪ ፔይሮኒ በሚባሉ ሁለት የኒያንደርታል (በጥንት ዘመን ይኖሩ የነበሩ የእኛ የቅርብ ዘመዶች) መጠለያዎች በተካሄደ ቁፋሮ፣ ከድንጋይ ስለቶችና ከተሰባበሩ የምግብ ትራፊ አጥንቶች መካከል ለየት ያሉ ጥቂት ቁርጥራጮች ወጥተዋል። በእጅ ሲያዙ ከአንድ ጣት ብዙም አይበልጡም። አንደኛው ጫፋቸው ተሞርዶ ክብ ሆኗል፤ ገጻቸው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ለስላሳ ነገር ላይ ሲታሽ የኖረ ዕቃ የሚያወጣው ዓይነት ወዝ አለው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ቁርጥራጮቹ 50,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የቆዳ ማለስለሻዎች መሆናቸውን አስረድተዋል። ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች ዛሬም ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው መሣሪያ ስለሚጠቀሙ፣ የሥራው ዓይነት ያን ያህል አከራካሪ አልነበረም።

ያልታወቀው አጥንቱ የየትኛው እንስሳ እንደነበር ነው። የጎድን አጥንት መሆኑ ይታያል፤ ከዚያ ያለፈ ምልክት ግን አልቀረበትም። በዚያው የአፈር ንብርብር ከተገኙት አጥንቶች አብዛኞቹ እንደ ሬንዲር ያሉ መካከለኛ ቁመና ያላቸው ሰኮናማ እንስሳት ስለነበሩ፣ ገምት የተባለ ሁሉ መሣሪያውም ከዚያው የመጣ ነው ማለቱ አይቀርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የፕሮቲን ምርመራ ግን ሌላ መልስ ሰጠ። ማለስለሻዎቹ በአብዛኛው የትልልቅ የከብት ዘመዶች፣ ማለትም የባይሰን ወይም አውሮክ የሚባለው የጥንት የዱር ከብት የጎድን አጥንት ሆነው ተገኙ። የሬንዲር አጥንት በመጠለያው ወለል ላይ እንደልብ ተበትኖ ሳለ ሠሪው እሱን አልፎ ወፈር ያለውን፣ ሲጫኑት ቶሎ የማይታጠፈውን አንስቷል ማለት ነው።

የዚህ ምርምር ትልቁ ፍሬ ለእኔ ይኸው ነው። የእንስሳው ስም ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአካባቢው ከነበረው ጋር ሲነጻጸር፣ ሰሪው ምን እንዳነሳና ምን እንደተወ ያሳያል፤ ማንሳትና መተው ደግሞ ከአፈር ውስጥ ሊወጡ ከሚችሉ ነገሮች ሁሉ ለሐሳብ በጣም የቀረቡት ናቸው። ፕሮቲን ከመመርመሩ በፊት ይህን ንጽጽር ማድረግ የማይቻልበት ምክንያት ቀላል ነበር። አንድ የእንስሳት አጥንት ባለሙያ አጥንትን የሚለየው በመገጣጠሚያው ቅርጽ፣ ጅማት በተያያዘበት ሸካራ ቦታ፣ የደም ሥር ባለፈበት ቀዳዳ ነው። መሣሪያ ሠሪው ደግሞ ቆርጦ፣ ፍቆና ሞርዶ የሚያስወግደው እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ዕቃው በጥበብ በተሠራ ቁጥር ምንጩ ይበልጥ ይጠፋል። የቁፋሮ ሪፖርቶችም መሣሪያዎቹን «የትልቅ አጥቢ እንስሳ አጥንት» በሚል ጥቅል ስያሜ ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ ደፈር ያሉት ደግሞ በአካባቢው በብዛት የተገኘውን እንስሳ ስም ሰጥተዋል። ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ። የመሣሪያውን ምንጭ ከምግብ ትራፊው ከገመትን በኋላ «ሰዎቹ የሚበሉትን እንስሳ አጥንት ለመሣሪያ ይጠቀሙ ነበር» ብለን ብንደመድም፣ ያገኘነው የራሳችንን ግምት ነው።

ምርመራው የሚቆመው ኮላጅን በሚባለው ፕሮቲን ላይ ነው። አጥንት፣ ቆዳ፣ ጅማት፣ የጥርስ ውስጠኛ ክፍልና በየዓመቱ የሚረግፈው የአጋዘን ቀንድ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ከእሱ ነው። በአጥንት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዓይነት፣ እንደ ገመድ እርስ በርስ የተገመዱ ሦስት ሰንሰለቶች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰንሰለት ወደ 1,000 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች ተደርድረው የሚሠሩት ነው። በድርድሩ ውስጥ በየሦስተኛው ቦታ ላይ ግላይሲን የተባለው ትንሹ አሚኖ አሲድ ይገኛል፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ከእሱ የሚበልጥ ስለማይገባ፣ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ሊገመዱ የሚችሉት በእሱ ነው። ጥብቅ አገማመዱና ከአጥንቱ ማዕድን ጋር ያለው ትስስር ኮላጅንን ከመበስበስ ይጠብቁታል። በተረፉት ቦታዎች ግን ድርድሩ ከእንስሳ እንስሳ በጥቂቱ ይለያያል። ልዩነቱ በዝግመተ ለውጥ ሂደት በቀስታ የተጠራቀመ ስለሆነ፣ የቅርብ ዘመዶች ብዙ ይመሳሰላሉ፤ የሩቅ ዘመዶች ይለያያሉ።

በቤተ ሙከራ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከዕቃው የተወሰደችው ጥቂት ናሙና ኮላጅኑን በሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ትሞቃለች። ከዚያም ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም ይጨመርባታል። ትሪፕሲን በእንስሳት ትንሹ አንጀት ውስጥ ፕሮቲን ለመፍጨት የሚያገለግል ሲሆን፣ ሰንሰለቱን በዘፈቀደ አይበጣጥስም፤ ላይሲን ወይም አርጂኒን ከሚባሉት ሁለት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ብቻ ይቆርጣል። በዚህ ምክንያት ከአንድ ዓይነት እንስሳ ኮላጅን ሁልጊዜ ያው የቁርጥራጮች ስብስብ ይገኛል። እነዚህ ፔፕታይድ የሚባሉ ቁርጥራጮች በብረት ሰሌዳ ላይ ጠብ ተደርገው ከደረቁ በኋላ የሌዘር ጨረር ይተኮስባቸዋል፤ ኤሌክትሪክ ይዘው እየተነሱ አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ይበራሉ። ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ ይደርሳል። መሣሪያው የደረሱበትን ሰዓት ወደ ክብደት ለውጦ በስክሪን ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ያወጣል። ተመራማሪው የሚያነበው የጉብታዎቹን ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ያቀርበዋል። የበግና የፍየል አጥንት በዓይን መለየት ለአጥንት ባለሙያዎች ከድሮ ጀምሮ ራስ ምታት ነው፤ ተሰብሮና ተፍቆ ሲገኝ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። በኮላጅናቸው ውስጥ ግን አንድ ቁርጥራጭ በበግ 3,033 ዳልተን (ዳልተን የሞለኪውሎች ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ፣ በፍየል 3,093 ዳልተን አካባቢ ይመዝናል። በመስመሩ ላይ ጉብታው ከሁለቱ በየትኛው ቦታ እንደቆመ ማየት በቂ ነው። ይህን የመሰሉ መለያ ቁርጥራጮችን ሰብስቦ እንደ ጣት አሻራ የሚጠቀመው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2009 ማይክል በክሊ፣ ማቲው ኮሊንስና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት የተዋወቀ ሲሆን፣ ዙምስ በሚል አጭር ስም ይታወቃል። ከዘረመል ምርመራ ይልቅ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ በአንድ ጊዜ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ስብርባሪዎችን ማስተናገድ ይችላል። በሳይቤሪያ ዴኒሶቫ ዋሻ ከ2,000 በላይ ማንነታቸው ያልታወቀ ስብርባሪዎች በዚህ መንገድ ሲታዩ ከመካከላቸው አንዲት ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ የምትረዝም የሰው ዘር አጥንት ተለይታ ወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የዘረመል ንባብ ባለቤቷ ከኒያንደርታል እናትና ዴኒሶቫን ከተባለው ሌላ ጥንታዊ የሰው ዘር አባት የተወለደች ልጅ እንደነበረች አሳየ። ያች ቁራጭ በፕሮቲን ባትለይ ኖሮ ከእንስሳት ስብርባሪ ጋር በከረጢት ውስጥ እንደተቀመጠች በቀረች ነበር።

ዘረመል ካለ ፕሮቲን ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ዲኤንኤ እጅግ የበለጠ ዝርዝር መረጃ ይሰጣል፤ ሲቆይ ግን ቶሎ ይበጣጠሳል፣ በሙቀት ደግሞ ይበልጥ። በቲቤት ከፍታ ከሚገኘው ባይሺያ ዋሻ የተገኘውና ቢያንስ 160,000 ዓመት ዕድሜ ያለው መንጋጋ ዲኤንኤ አልተገኘበትም፤ የዴኒሶቫኖች ዘመድ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2019 የታወቀው በፕሮቲኑ ነው። በታንዛኒያ ላኤቶሊ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ከማዕድኑ ጋር ተጣብቀው የቆዩ የፕሮቲን ቁርጥራጮች ደግሞ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው፤ ያውም በሞቃት ምድር።

ወደ ቅርሶቹ ስንመለስ ዋናው ችግር ኬሚስትሪው ላይ አይደለም። ስብርባሪ አጥንት ከሆነ ጥቂት ሚሊግራም ቆርጦ መውሰድ ብዙም አያስጨንቅም። ተሞርዶ የተሠራ መሣሪያ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የሠሪው የእጅ ሥራና የተጠቃሚው የሥራ ምልክት ያለው ደግሞ በገጹ ላይ፣ ከፀጉር በቀጠኑ ጭረቶች መልክ ነው። ስለዚህ የሙዚየም ኃላፊዎች ቁራጭ ስጡን የሚላቸውን ተመራማሪ እምቢ ሲሉ ቆይተዋል፤ እኔም እምቢታቸው ትክክል ነበር እላለሁ።

መውጫው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። የብራና መጻሕፍትን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ገጾቹን በላጲስ እያሹ ያጸዳሉ፤ የላጲሱን ፍርፋሪ ደግሞ ይጥሉታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ በመታሸቱ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መሳሳብ ምክንያት ፍርፋሪው ከብራናው ላይ በቂ ኮላጅን ይዞ እንደሚመጣ አሳየ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ በጣም ስስ ብራና ያላቸው መጽሐፍ ቅዱሶች ከጥጃ፣ ከፍየልና ከበግ ቆዳ መሠራታቸውም በዚያው ተለየ። ከዚህ ተነስተው ሌሎች ተመራማሪዎች አንድ እርምጃ ቀጠሉ። አጥንቱን ጨርሶ ሳንነካው፣ የተቀመጠበት የፕላስቲክ ከረጢትስ? ከረጢቱ ሲነሳና ሲቀመጥ፣ መሳቢያው ሲሳብና ሲገፋ፣ አጥንቱ ከውስጠኛው ገጽ ጋር ይታሻል። በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝም ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቃል። ዕቃውን ወደ አዲስ ከረጢት አዛውሮ አሮጌውን ባዶ ከረጢት ወደ ቤተ ሙከራ መላክ፣ ውስጡን በፈሳሽ ማጠብ፣ ትሪፕሲን መጨመር፤ ሥራው ይኸው ነው። የኒያንደርታሎቹ ማለስለሻዎች የተለዩትም ከተቀመጡባቸው የፕላስቲክ መያዣዎች በተገኘ ናሙና ነው።

በካናዳ ኩቤክ፣ በቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ የኢሮኮይ ሕዝቦች ከአውሮፓውያን ሰፈራ በፊት የሠሯቸው ሹል የአጥንት ጫፎች እ.ኤ.አ. በ2019 በከረጢት ዘዴ ሲመረመሩ፣ ከሚጠበቀው የአጋዘን አጥንት ጋር የድብና የሰው አጥንት ተገኘ። በሰሜን ባሕር ሥር ከሰመጠው ዶገርላንድ የሚባል ምድር የመጡና በኔዘርላንድስ የባሕር ዳርቻ የተለቀሙ፣ ጎናቸው እንደ መንጠቆ ጥርስ የወጣለት አሥር የአደን ጫፎች ደግሞ ከ11,000 እስከ 8,000 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት ስምንቱ የቀይ አጋዘን፣ ሁለቱ የሰው አጥንት መሆናቸውን አመለከተ። ቅርጻቸውን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን ከስምንቱ ሊለያቸው አይችልም ነበር። ለመሣሪያ የሚሆን የአጋዘን አጥንት በብዛት ባለበት አገር የሰው አጥንት የሚመረጠው በችግር እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከዘመድ ይሁን ከጠላት፣ በክብር ይሁን በድል አድራጊነት የሚለውን ግን ጉብታዎቹ አይመልሱም፤ እዚያ ላይ ቆም ማለት የተመራማሪው ግዴታ ነው።

ቆዳም በዚሁ መንገድ ይነበባል። በደቡብ ዩክሬን ከሚገኙ 14 ቦታዎች፣ ከ18 የእስኩቴስ (በዚያ አካባቢ ይኖር የነበረ ጥንታዊ ሕዝብ) መቃብሮች የወጡ 45 የቆዳ ናሙናዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ታትሟል። አብዛኞቹ የበግ፣ የፍየል፣ የከብትና የፈረስ ሲሆኑ፣ ሁለቱ የሰው ቆዳ ነበሩ። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ እስኩቴሶች ከገደሉት ጠላት ቀኝ እጅ ቆዳ ገፈው የፍላጻ ኮረጆ እንደሚሸፍኑ ጽፎ ነበር፤ ብዙ አንባቢዎችም ነገሩን እንደ ማጋነን አይተውት ኖረዋል። ከመቃብር የወጣው የሰው ቆዳ የተገኘው በኮረጆዎቹ የላይኛው ክፍል ላይ ሲሆን የቀረው ክፍል የእንስሳት ቆዳ ነው። አንድ ጽሑፍና አንድ ቁስ እንዲህ ፊት ለፊት ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የዓሣ ነባሪዎቹ ጉዳይ ነው። በሰሜን ስፔንና በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በቢስካይ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ካሉ ዋሻዎች የወጡ የአጥንት መሣሪያዎች በፕሮቲን ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ጥናት ቢያንስ አምስት ዓይነት ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎችን ለየ። ከእነዚህም ስፐርም ዌል የሚባለው ባለጥርስ ዓሣ ነባሪ፣ ፊን ዌል፣ ግራጫው ዓሣ ነባሪና ከሁሉ የሚገዝፈው ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ይገኙባቸዋል። ጥንታዊዎቹ ከ20,000 እስከ 19,000 ዓመት ዕድሜ አላቸው። በዘመኑ የባሕሩ ወለል ከዛሬው በብዙ ዝቅ ያለ ስለነበር፣ ሰዎቹ የኖሩበት የባሕር ዳርቻ ራሱ አሁን ከውኃ በታች ነው፤ የዳርቻውን ኑሮ በቀጥታ ለመቆፈር አይቻልም። ወደ መሀል አገር ተወስደው በዋሻ ውስጥ የቀሩት እነዚህ የጦር ጫፎች ግን ሰዎቹ ባሕር ዳር ይወርዱ እንደነበር፣ ማዕበል የጣላቸውን ግዙፍ በድኖች ይጠቀሙ እንደነበር ይመሰክራሉ። ዓሣ ነባሪ አደኑ ማለት አይደለም፤ ለዚያ የሚሆን ማስረጃ የለም። ይልቁንም የፕሮቲኑ መልስ ሌላ ያልተጠበቀ ነገር አመጣ፤ ግራጫው ዓሣ ነባሪ ዛሬ በዋናነት የሚኖረው በሰሜን ፓሲፊክ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ግን በአትላንቲክም እንደነበር የሰው እጅ የነካው አጥንት ነገረን። መሣሪያው በዚህ ጊዜ የሰሪውን ምርጫ አልፎ የጠፋ ባሕር መዝገብ ሆነ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ዘዴው የማይችለውን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በዜና ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነውና። የኮላጅን ድርድር በዝግመተ ለውጥ በቀስታ የሚለወጥ መሆኑ ለዝርዝሩ እንቅፋት ነው። ባይሰንና አውሮክ በዚህ ምርመራ አይለዩም፤ ከላይ «ወይም» ያልኩት ለዚህ ነው። ፈረስና አህያ፣ ተኩላና ውሻም እንደዚያው። ዘመናዊው ሰውና ኒያንደርታል አንድ ዓይነት አሻራ ይሰጣሉ። የአጋዘን ቀንድና የአጋዘን አጥንት ኮላጅናቸው አንድ ስለሆነ፣ ፕሮቲኑ የእንስሳውን ስም እንጂ የአካሉን ክፍል አይናገርም። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ይዞ ገጹን የሚያነብ ሰው አሁንም ያስፈልጋል፤ ፕሮቲኑና ዓይኑ ተጋግዘው እንጂ አንዱ ሌላውን ተክቶ አይሠሩም። የእስኩቴሶቹን ቆዳና የአልፕስ በረዶ ጠብቆ ያቆየውን የ5,300 ዓመት ሰው የኧትዚን ልብስ በመሳሰሉት ላይ ደግሞ ከኮላጅን ሌላ በፀጉር ውስጥ የሚገኘው ኬራቲንና ረዘም ያለ የድርድር ንባብ አስፈላጊ ይሆናሉ። የኧትዚ ልብስ ፀጉር እ.ኤ.አ. በ2008 በፕሮቲን ከተመረመረ በኋላ፣ ኮፍያው የቡናማ ድብ መሆኑን በ2016 የታተመው የዘረመል ጥናት አረጋግጧል።

ሌላው ጉዳይ ብክለት ነው። ቅርሱ ከአፈር ከወጣበት ቀን ጀምሮ የብዙ ሰው እጅ ነክቶታል፤ የሰው ቆዳ ኬራቲን በየላብራቶሪው ይገኛል። ከዚያ የከፋው ግን አሮጌ ጥገና ነው። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰነጠቁ አጥንቶችን የሚያጣብቁት ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በተቀቀለ ሙጫ ነበር፤ ይህ ሙጫ ራሱ ኮላጅን ነው። የሬንዲር ጫፍ በከብት ሙጫ ተቀብቶ ከሆነ መሣሪያው ያለ ሐፍረት «ከብት» ይላል። እዚህ ላይ ጊዜ ራሱ የተወሰነ እርዳታ ያደርጋል። አሚኖ አሲዶች ሲያረጁ ግሉታሚን የተባለው ወደ ግሉታሚክ አሲድ ይለወጣል፤ ክብደቱም ወደ አንድ ዳልተን ገደማ ይጨምራል። በደንብ ያረጀ ኮላጅን ይህን ለውጥ በብዛት ሲያሳይ፣ የቅርብ ጊዜ ሙጫ ብዙም አያሳይም። ቢሆንም አፈሩ፣ ሙቀቱና የቤተ ሙከራው አሠራር ለውጡን ስለሚያፈጥኑት ወይም ስለሚያዘገዩት፣ እንደ ሰዓት ቆጥሮ ዕድሜ መናገር አይቻልም።

«ቅርሱን አይጎዳም» የሚለው ቃልም መመርመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የጥንት አጥንቶችን ገጽ ከላጲስ በፊትና በኋላ በከፍተኛ ማጉያ ለክቶ፣ መታሸቱ ደቃቁን የገጽ ቅርጽ እንደሚለውጠው አሳይቷል። በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ያ ደቃቅ ቅርጽ መሣሪያው ቆዳ ላይ ይሁን እንጨት ላይ ሠርቶ እንደሆነ የሚነበብበት ቦታ ነው። የእንስሳውን ስም ለማወቅ ብለን የሥራውን ታሪክ ብንፍቅ ያገኘነውና ያጣነው መመዛዘን አለበት። ለብራና የተስማማ ነገር ለአጥንት ሁሉ ይስማማል ብሎ መቸኮል ጥሩ አልነበረም። የከረጢቱ ዘዴ ከዚህ የተሻለ ቢሆንም፣ ኮላጅኑ ባለቀበት አሮጌ አጥንት ላይ ከቁራጭ ናሙና ይልቅ ብዙ ጊዜ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል። እኔ ብጠየቅ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በመጀመሪያ ገጹ በማይክሮስኮፕ ይነበብና ምስሉ ይቀመጥ፣ ቀጥሎ ከረጢቱ ይሞከር፣ ላጲስም ሆነ ቁራጭ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ፣ የሥራ ምልክት በሌለበት ጎን ብቻ ይሁን።

በመጨረሻ ያስቀመጥኩት፣ ግን ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው፣ የሞቃት አገሮች ጉዳይ ነው። እስካሁን የተጠቀሱት ቦታዎች አብዛኞቹ ቀዝቃዛ መሆናቸውን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ሙቀት ኮላጅንን ስለሚያሟሽሸው በሞቃታማ ምድር ያሉ ጥንታዊ አጥንቶች ብዙ ጊዜ ባዶ ሆነው ይገኛሉ። ፕሮቲኑ በተረፈበት ጊዜ እንኳ የሚነጻጸርበት ማጣቀሻ ይጎድላል። አውሮፓ ውስጥ ለመሣሪያ ሊሆኑ የሚችሉ ትልልቅ እንስሳት ጥቂት ናቸው፤ አሻራቸውም ተመዝግቧል። አፍሪካ ውስጥ ግን የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ እንደ ድኩላና ሰስ ያሉ ብዙ ቀንዳማ የዱር እንስሳት ስላሉ፣ በማጣቀሻው ውስጥ የሌለ እንስሳ ሲመጣ በጣም የሚቀርበው እንስሳ ስም ተሰጥቶት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ለአፍሪካ ቀንዳማ እንስሳት አዳዲስ መለያ ቁርጥራጮችን አውጥቶ በዛምቢያ የብረት ዘመን አጥንቶች ላይ ሞክሯቸዋል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ስሙ በእርግጠኝነት ከሚታወቅ እንስሳ እየተነሱ አንድ በአንድ አሻራ መመዝገብን ይጠይቃል። ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ዓይነት ግኝት አይደለም፤ ያለ እሱ ግን በአህጉሩ ያሉ መሣሪያዎች ላይ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ከግምት ብዙም አይርቅም።

ሙቀት ግን በሩን ጨርሶ አልዘጋም። በደቡብ አፍሪካ ሲቡዱ በተባለ የድንጋይ መጠለያ በተገኘ አንድ የድንጋይ ስንጣሪ ላይ፣ 49,000 ዓመት ዕድሜ ያለው ቀይ አፈርና ወተት የተቀላቀለበት ቀለም እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፤ የተለየው በውስጡ ባለው ኬሲን በተባለ የወተት ፕሮቲን ነው። ለማዳ ከብት ወደ አካባቢው የደረሰው ከዚያ ከብዙ አሥር ሺህ ዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ ወተቱ ሊመጣ የሚችለው ግልገል ከምታጠባ የተገደለች የዱር እንስሳ ብቻ ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ያን ወተት አጠራቅሞ፣ ከተፈጨ ቀይ አፈር ጋር አሽቶ፣ ለአካል ይሁን ለሌላ ነገር ቀብቷል። የቀለም ብናኙን ለማየት የቸኮለ ሰው ድንጋዩን አጥቦ ቢሆን ኖሮ ወተቱ አብሮ ይታጠብ ነበር።

ማጠብን ካነሳን፣ በብዙ የሙዚየም መጋዘኖች ውስጥ አሁን እየሆነ ያለ አንድ ነገር አለ። ስብስቦች ሲታደሱ ከረጢቶች ይለወጣሉ፤ አሮጌዎቹ ስለቆሸሹና ስለተቀደዱ ወደ ቆሻሻ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ መሣሪያው ከአፈር ከወጣ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት አብረውት የኖሩ ናቸው፤ ውስጣቸው የተጣበቀው ብናኝ ደግሞ ማንም ሰው ቅርሱን ሳይነካ ሊወስደው የሚችለው ናሙና ነው። ሌላ መሣሪያ ገብቶበት የማያውቅ ከሆነ፣ የቅርሱን ቁጥርና ከረጢቱ የተለወጠበትን ቀን ጽፎ፣ አጥፎ፣ በንጹሕ ፖስታ አሽጎ ከመዝገቡ ጋር ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አጥንቱ ከዚህ በፊት በሙጫ የተጠገነ ከሆነ እሱም በዚያው ፖስታ ላይ ይጻፍ።